ባዶ ቤት የገባው ሰዓት

ባለፈው ሳምንት ስሜን ከአንድ ፋይል ላይ አወጣሁ። «ተንከባካቢ» ከሚለው መስመር የእኔን አጥፍቼ የመምህርት ሐሊማን ጻፍኩ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ሽንኩርት ልገዛ ገበያ ወረድኩ። ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ይህኛው ሥራ ግን ደሞዝ ስላልነበረው ጡረታም አልነበረውም፤ እቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። አሁን ዓይኔ ነጥብን ከነጠላ ሰረዝ መለየት ሲያቅተው ተውኩት። ልጆቼ «እዚያ ስክሪን ላይ ተደፍተሽ ምን ስትሠሪ እንደኖርሽ አልገባንም፤ እስቲ ጻፊው» ይሉኛል። ቢገባቸው ብዬ ነው የምጽፈው።

ሥራ የጀመርኩት በጽሕፈት መኪና ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ታይፕ ተምሬ፣ ደካ በምትባል ትንሽ ከተማ ተመደብኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ ያገለገለ ካርቦን ወደ ብርሃን አንስተው እያዩ «ገና ነው፣ ያሠራል» ብለው የሚመልሱልኝ ሰው ነበሩ። ክፉ አልነበሩም። ስቴንስል በሚባለው የማባዣ ወረቀት ላይ አንድ ፊደል ከተሳተ ማረሚያ ቀለም ይቀባል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ እንደገና ይመታል። ስህተቱ ከበዛ ገጹ በሙሉ ይጣላል። ሰው ሰነዱን ሊወስድ ከኋላዬ ቆሞ ይጠብቃል። እስከ ዛሬ አንድ ነገር ጨርሼ «በቃ» ስል የቀረ ነገር ያለ ይመስለኛል።

ወደ ቦንጋ ስዛወር ቢሮው ኮምፒውተር ገዝቶ ጠበቀኝ። የዚያኔው አለቃዬ ኮምፒውተሩን በጨርቅ ሸፍነው፣ የክፍሉን ቁልፍ ኪሳቸው ከተው ስብሰባ የሚሄዱ ነበሩ። የምንሠራው እርሳቸው ሲመለሱ ነው። ሥራ ያስተማሩኝ ሰው ግን አለቃዬ አልነበሩም። ጋሽ ሰይፉ ይባላሉ፤ ከወሎ ተመድበው መጥተው ቦንጋ ብዙ ዓመት የኖሩ የኮምፒውተር ባለሙያ ናቸው። ከቢሮ ቢሮ በሚዞር ፍላሽ ቫይረስ ሰነዳችንን እየበላ ሲያስቸግር፣ ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ ሊኑክስ ወደሚባለው ነፃ ሥርዓት አዞሯቸው። ቢሮው አጉረመረመ። እኔ ዝም ብዬ ተማርኩ፤ የሚጠይቅ ሲበዛ ጋሽ ሰይፉ «ብርቄን ጠይቁ» ማለት ጀመሩ። እንዲህ ነው የገባሁበት።

ጋሽ ሰይፉ ኪቦርድ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ስክሪኑ በስህተት መልእክት ሲሞላ ሌላው ሰው የመጨረሻውን መስመር ያነባል፤ እርሳቸው ወደ ላይ ይወጡና የመጀመሪያውን ይፈልጋሉ። «እናትየዋ እሷ ናት፤ የታችኞቹ ልጆቿ ናቸው» ይላሉ። ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ አይናገሩም፣ ሻይም አይጠጡም። ከሁሉም በላይ የሚያጠብቁት ግን አንድ ነገር ነበር። እኔ «ሠርቷል» ስላቸው «የት?» ይሉኛል።

«እዚሁ፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ።»

«አንቺ ኮምፒውተር ላይ ስንት ዓመት የተጠራቀመ ጓዝ አለ። ባዶ ቤት አስገቢው።»

ባዶ ቤት የሚሉት በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚከለል ምንም ያልተጫነበት ክፍል ነው። አዲሱን ሥራ እዚያ ብቻውን ታስገቢዋለሽ። ከውጭ የተዋሰው ነገር ካለ እዚያ ይጋለጣል። ባዶ ቤት ያልቆመ ነገር ቆሟል አይባልም። ይህን የማላምንበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አሁን ስለ ዋናው ሥራ ልንገራችሁ። ላይብረሪ ሲባል እዚህ የመጻሕፍት ቤት ማለት አይደለም። ሌሎች ፕሮግራሞች ሲቸግራቸው የሚጠሩት ትንሽ የኮድ ስብስብ ነው። የእኔዋ ላይብረሪ የፈረንጅን ቀንና ሰዓት ተቀብላ የእኛን ትመልሳለች። የጻፏት ጅማ የሚኖሩ አንድ የሂሳብ መምህር ናቸው፤ ለማንም ትሁን ብለው በነፃ ለቀዋታል። ነገር ግን ኢንተርኔት ላይ ተቀምጣ መገኘቷ ኢንተርኔት ለሌለው ምን ይጠቅማል? ሊኑክስን ሰብስቦ የሚያሰራጭ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር አለ። ከዚያ ስብስብ ውስጥ የገባ ነገር በፍላሽ እየተገለበጠ ኢንተርኔት የሌላቸው ደካም ማንኪራም ይደርሳል። ያልገባ ግን እንደሌለ ይቆጠራል። ለማስገባት ደግሞ መታሸግ አለበት። እያንዳንዱን ፋይል ማን እንደጻፈው፣ በምን ፈቃድ እንደሰጠው፣ ምን ቢኖር እንደሚሠራ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ሲወገድም ዱካ ሳይተው እንዴት እንደሚወጣ ይጻፋል። የታሸገው ፓኬጅ፣ አሽጎ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ተንከባካቢ ይባላል፤ የዚህችኛዋ እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ የላክሁት ተመለሰብኝ፤ የአንዷ ፋይል ባለቤት አልተጠቀሰም ነበር። የጅማው መምህር ስልካቸውን እስኪያነሱ ድረስ እንቅልፍ አጣሁ። በሁለተኛው ገባ። ሥራዬን እያየ የሚያስገባልኝ አንድ ፖርቱጋላዊ ነበር። ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ በኢሜይል ብቻ ነው የምንገናኘው። ደግ ሰው ነው፣ ግን ሁሉን ይጠይቃል።

ላይብረሪዋ ቢሯችን ውስጥ መሥራት በጀመረች ሰሞን መዝገብ ቤት የምትሠራው አስቴር በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ገቢ ደብዳቤ ላይ ቀንና ሰዓት የሚያትመው ፕሮግራም የእኛን ላይብረሪ ነበር የሚጠራው።

«ብርቄ፣ ይኼ ነገርሽ አበደ እንዴ? ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተቀምጬ ዘጠኝ ይለኛል። ደብዳቤ ሌሊት ነው የምቀበለው? ጅብ ነኝ?»

ሄጄ አየሁ። እውነቷን ነው። በራሴ ኮምፒውተር ሞከርኩ፣ ያው ነው። ጋሽ ሰይፉን ጠራሁ። ኮዱን አብረን አነበብነው። ላይብረሪዋ ከኮምፒውተሩ ሰዓት ላይ ስድስት ትቀንሳለች። ኮምፒውተሩ ግን ጥግ ላይ ሦስት ይላል፤ ከሦስት ላይ ስድስት ሲቀነስ ወደ ኋላ ዞሮ ዘጠኝ ይመጣል።

«የጅማው መምህር የፈረንጅ ኮምፒውተር መስሏቸው ነው» አሉ ጋሽ ሰይፉ። «እኛ አገር ኮምፒውተሩ በእኛው ሰዓት ነው። ቀኑን ትለውጥ እንጂ ሰዓቱን ለምን ትነካለች?»

ስድስቱን መቀነስ የሚያስቀር አጭር ማስተካከያ ጻፍኩ። ከኮዱ ጋር የመጡት ሙከራዎች ቀንን ብቻ የሚፈትሹ ስለነበሩ ምንም አላሉም። ባዶ ቤት አስገባሁት። የግድግዳው ሰዓት አራት፣ ባዶ ቤቱም አራት። ለጅማው መምህር ጻፍኩላቸው፤ መልስ አልመጣም። ፖርቱጋላዊው «ስለ አገርሽ ሰዓት የምታውቂው አንቺ ነሽ» ብሎ አስገባው። በዚያው ኢሜይል ላይ ቀልድ ጨመረበት፦ «አንቺ ግን እንዴት ያለሽ ፈጣን ነሽ! ጥያቄዬን ሳልልክ መልስሽ ይደርሰኛል።» ለጋሽ ሰይፉ አነበብኩላቸው፤ ሳቅን።

ብዙም ሳይቆይ የስብስቡ በር ተዘጋ። አዲስ ስብስብ ሊወጣ ሲል በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ከባድ ስህተት ካልሆነ በቀር ምንም አይገባም። ላይብረሪያችን ውስጥ ናት። ደስ ሊለኝ ሲገባ የቀረ ነገር ያለ መሰለኝ። የለመድኩት ነው ብዬ ተውኩት።

መምህርት ሐሊማን በስልክ ነበር የማውቃት። ቤተሰቧ ነጋዴዎች ናቸው፣ ከሌላ አካባቢ መጥተው እዚህ የከተሙ። እሷ ደካ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ታስተምራለች። የማታ ተማሪዎችን የፈተና መጥሪያ የምታትምበትን ፕሮግራም ስትሠራ ላይብረሪያችንን ሊወጣ ካለው ስብስብ አስቀድማ ወስዳ ተጠቅማባት ነበርና፣ ጥያቄ ሲኖራት ትደውልልኛለች። ተማሪዎቿ አብዛኞቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ከየቀበሌው በእግር የሚመጡ።

ሰኞ ጠዋት ደወለች።

«እትዬ ብርቄ፣ እንደምን አደሩ? ሐሊማ ነኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው በጠዋቱ?»

«ፈተናው ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ በፈረንጁ ዘጠኝ ብዬ ሞላሁ። መጥሪያው ላይ ሦስት ብሎ መውጣት ነበረበት አይደል? ዘጠኝ ብሎ ነው የታተመው።»

«ስንት ወረቀት ላይ?»

«ሁሉም ላይ። እኔ የፈራሁት ቀኑን ነበር፤ ቀኑን ደጋግሜ አየሁ። ሰዓቱን አላየሁትም።»

«ወረቀቶቹ የት ናቸው?»

«ቅዳሜ ለገበያ የወጡትን ጠብቄ አደልኳቸው።»

ዘጠኝ ሰዓት ተብሎ የተጻፈለት ሰው ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ሦስት ሰዓት የተጀመረ ፈተና ያኔ ካለቀ ቆይቷል። ካመለጠው ደግሞ እስከሚቀጥለው ዙር፣ እስከ ዓመት ይጠብቃል። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

«የእኔ እኮ ልክ ነው የሚሠራው» አልኳት። «አሁን እያየሁት ነው፤ አራት ይላል። የግድግዳውም አራት ነው።»

«የእርስዎ ኮምፒውተር ራሱ፣ ጥግ ላይ ያለው፣ ስንት ይላል?»

«አራት ነዋ።»

«የእኔ አሥር ይላል።»

«ታዲያ ያንቺ ነው የተዛባው፤ አስተካክይው።»

«እትዬ፣ ይኼ አዲስ ኮምፒውተር ነው። እኔ አልሞላሁትም። ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ነው የሞላው።»

መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁ። ባዶ ቤት አስገባሁት፤ ልክ ነው። ባዶ ቤቱን አፍርሼ እንደገና ሠርቼ አስገባሁት፤ ልክ ነው። መብራት ሄደ። መብራቱን ስጠብቅ የፖርቱጋላዊው ቀልድ መጣብኝ። መልስ ከጥያቄ ቀድሞ አይደርስም። ኢሜይሉ የተላከበትን ሰዓት የሚጽፈው ኮምፒውተር በእኛ ሰዓት የሚሄድ ካልሆነ በቀር።

ጋሽ ሰይፉ ያሉበት ክፍል ሦስት በር አልፎ ነው። እዚያ ለመድረስ ጊዜ ፈጀብኝ። ያስተማረን ሰው ሄዶ «ስህተቱ ከእርስዎ ነው» ማለት እኔ ያደግሁበት ነገር አይደለም። የአንድ ኮምፒውተር ሆድ ከፍተው አቧራ ያራግፉ ነበር።

«ምነው ቆምሽ? ግቢ።»

«ጋሽ ሰይፉ፣ ያ ፖርቱጋላዊ የቀለደው ትዝ ይልዎታል?»

«መልስሽ ከጥያቄው ቀደመኝ ያለው?» ሳቁ።

«ቀልድ ባይሆንስ?»

ከዚያ የሐሊማን ነገር ነገርኳቸው። የእርሷ ኮምፒውተር አሥር፣ የእኔ አራት እንዳለ። ብሩሹን አስቀመጡ። የግድግዳውን ሰዓት አዩ፣ ባትሪ በያዘው ላፕቶፕ ጥግ ላይ ያለውን አዩ።

«ሁለቱም አምስት ይላሉ» አሉ፣ ምን ነካሽ በሚል ድምፅ። ከዚያ ድንገት ተነስተው ወጡ፤ የውጭው ቧንቧ ውሃ ሲወርድ ሰማሁ። እጃቸውን ታጥበው ተመልሰው ላፕቶፑ ፊት ተቀመጡ።

«ባዶ ቤት ሰዓት የለውም ለካ» አሉ። «ሌላውን ሁሉ እንከለክለዋለን፣ ሰዓቱን ግን ከእኛው ይወስዳል። ያዞርኩት እኔ ነኝ፣ ብርቄ። ኮምፒውተር ገና ሲገባ ሰው ሰዓቱን ያንብብበት ብዬ ስድስት ወደ ኋላ መለስኩት። ከኢንተርኔት እንዳይቀዳም ዘጋሁበት። ቀኑ እንኳ ሲነጋ ነበር የሚለወጠው፣ እንደ ሰው፤ ደስ ይለኝ ነበር። አዲስ በመጣ ቁጥር ሳላስበው እጄ ይሄዳል።»

«አሁን የሚያስጨንቁኝ የደካዎቹ ተፈታኞች ናቸው» አልኳቸው።

ማስተካከያዬን አወጣሁት። የኮምፒውተሩን ሰዓት ወደ ትክክለኛው መለስን፤ ላይብረሪዋ የጅማው መምህር እንደጻፏት የፈረንጁን ዘጠኝ ሦስት አለች። ፓኬጁን እንደገና አሽጌ ላክሁ። ይህ ግን ለረቡዕ አይደርስም። በሩ ዝግ ነው፤ ቢከፈትም የታደለን ወረቀት ኮድ አይሰበስበውም።

ለሐሊማ ደወልኩ። እሷ ከእኔ ቀድማ አስባበት ነበር። ጨርቅ እያዞረ የሚሸጥ ወንድም አላት፤ ማክሰኞ በየገበያው ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ሊነግር ይወጣል። በመስጊዱ አስነግራለች፣ ለቤተ ክርስቲያኑም ለጸሎት ቤቱም ልካለች። በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ ብቻ ሳይሆን በአማርኛም ይነገር ብላለች፣ የሰፈራ ሰዎችም አሉና። እኔ ቦንጋ ላይ ቁጭ ብዬ የማደርገው አልነበረም። መናኸሪያ ወርጄ ወደዚያ ለሚሄዱት ሚኒባሶች ረዳቶች ነገርኩ። አንዱ «እትዬ፣ እርስዎም ሊፈተኑ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። «አዎ» አልኩት።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ አልሠራሁም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አየዋለሁ። ጋሽ ሰይፉ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፣ ተመለሱ። እንደገና መጡ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሐሊማ ደወለች።

«መጥተዋል፣ እትዬ። ከአንዷ በቀር ሁሉም መጥተዋል።»

«አንዷ ማን ናት?»

«ዓለሚቱ የምትባል። ቤቷ ከመንገድ የራቀ ነው። ታማም ሊሆን ይችላል።»

አልታመመችም። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ፤ ከማንሳቴ በፊት አውቄዋለሁ። ሐሊማ እያለቀሰች ነበር፤ «እርሷ ራሷ ትንገርዎ» ብላ ስልኩን ሰጠቻት።

«እኔ እኮ ቀድሜ ነው የመጣሁት» አለችኝ ዓለሚቱ። ቁጣ የለባትም፤ አንዳች ነገር እንዳስረዳት ነው የምትጠብቀው። «ገና ዘጠኝ አልሞላም።»

«ልክ ነሽ» አልኳት። «የተሳሳተው ወረቀቱ ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ መምህርት ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«እሺ» ብላ ስልኩን መለሰች። ትምህርት ቤቱ ደንቡን አልለወጠም። በሚቀጥለው ዙር ተፈትና እንዳለፈች ሐሊማ ነግራኛለች። ደስ ብሎኛል፤ ያ ዓመት ግን የእርሷ ነበር።

የስብስቡን በር እንዲከፍቱልን ምክንያቱን መጻፍ ነበረብኝ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ጋሽ ሰይፉ አብረውኝ ተቀመጡ።

«የእኔን ስም ጻፊ» አሉ።

«ስም አይጠይቁም፤ ምክንያት ነው የሚጠይቁት።»

«እንግዲያው የተሠራበት ኮምፒውተር ሰዓቱ ስድስት ወደ ኋላ ነበር በይ። አታለስልሺው።»

እንዳሉት ጻፍኩ። ፖርቱጋላዊው ደግፎን በሩ ተከፈተልን። ከዚያ የቢሮውን ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ ሰዓታቸውን አስተካከልን። አስቴር እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ጋሽ ሰይፉ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ፈረንጅ የሆኑት? ምሳ ሰዓቴን የት ወሰዱብኝ?» አለቻቸው። «ግድግዳው ላይ አለልሽ» አሏት። ሙከራም ጨመርኩ፦ የዚያች ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተጽፎበታል። ላይብረሪዋ ያንን ሰዓት ዘጠኝ ካለች ፓኬጁ አይታሸግም። ጋሽ ሰይፉ ደግሞ ደንባቸው ላይ አንድ ነገር ቀጠሉ። ባዶ ቤት ከመግባት በፊት ሌላ ከተማ ላለ ሰው ተደውሎ ሰዓት ይጠየቃል። አገራቸው እስኪገቡ ድረስ አንድም ቀን አልዘለሏትም።

ዘንድሮ ልተወው ስወስን ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነበር። ተንከባካቢ የሌለው ፓኬጅ ጥቂት ይቆይና ከስብስቡ ይወጣል። ለሁለት ሰዎች ጻፍኩ፣ አልመለሱም። ሐሊማን መጠየቅ ከበደኝ፤ ያንን ቀን የማስታውሳት እየመሰለኝ አዘገየሁት። በመጨረሻ ስጠይቃት «እትዬ፣ ወረቀቱን ያደልኩት እኮ እኔ ነኝ» አለችኝ።

«ለዚያ ነው» አልኳት።

ዛሬ ጠዋት ደወለች። በእርሷ ስም የምትልከው የመጀመሪያው ፓኬጅ ነው።

«እትዬ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ከሩብ።»

«ኮምፒውተሬ ዘጠኝ ከሩብ ይላል።»

«ባዶ ቤቱስ?»

«እሱም ዘጠኝ ከሩብ። ላይብረሪዋ ሦስት ከሩብ ትላለች።»

«እንግዲያው ላኪው።»

ላከችው። ሥራው የእኔ አይደለም፤ ስሜም የለበትም። ቢሆንም ዘጠኝ ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ ስልኩን ከአጠገቤ አላራቅሁም።